ቀን ቀን የማይተኛ ባል

ምልምሉ ወጣት የባሕር ኃይል ሙያውን እስከ ስድስት ሰዓት መርጦ እንዲያሳውቅ ተነገረው። ከምልመላ ቢሮው ወጥቶ ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጠ። የሚወዳትን ልጅ የተዋወቃት እዚያ ነው፤ ሒሳብ ከፍሎ፣ እሷን ሲያይ ዳቦውን ረስቶ የወጣ ቀን።

እሷ ባንኮኒውን ትወለውላለች። ሌሊቱን ሲጋግሩ ያደሩት አባቷ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያንጎላጃሉ።

«መድፍ ተኳሽ ልሆን ነው» አላት።

«ስትመለስስ?»

«ስመለስማ እንጋባለን።»

«እሱን አላልኩህም። የትኛው ሰፈር ነው መድፍ ተኳሽ የሚቀጥረው?»

አባትየው ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ጎረቤታችን ራዲዮ ሲከፍት እኔ እቀጥረዋለሁ» አሉ።

ወጣቱ ለመጨረሻ ያቆየውን አወጣ። «እሺ፣ የመርከብ ዳቦ ጋጋሪነትም አለ። ስመለስ አባባን አሳርፋቸውና እዚሁ አብረን እንሠራለን።»

ደስ ይላታል ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ጣለችው።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«እማዬ በሕይወት ሳለች ቀን ትሸጣለች፣ አባዬ ሌሊት ይጋግራል። እሱ ሊተኛ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ዕድሜ ልካቸውን አንዱን አልጋ ተፈራረቁበት።»

«ተጣልተንም አናውቅ» አሉ አባትየው። «አንዴ ምድጃው ተበላሽቶ ሁለታችንም ቤት ከዋልንበት ቀን በቀር።» ፈገግ አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እኔ ባሌን ዓይኑን ገልጦ ላየው እፈልጋለሁ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «የቀረው የማቀዝቀዣ ጥገና ብቻ ነው። ማንም አልፈለገውም። ዘይትና ቅባት ነው፣ ሰልፍ ላይም አያምር።»

«የሰው ፍሪጅ ሌሊት ቢበላሽ ይጠሩሃል?»

«ማን ሊጠራኝ? እስኪነጋ ይጠብቃሉ።»

አየችው። እሱም አያት። ሽርጧን ፈትታ አባቷ ጭን ላይ አኖረችና ከባንኮኒው ወጣች።

«ወዴት ነው?»

«ቢሮው ድረስ አብሬህ ልሂድ። መንገድ ላይ ሐሳብህን ቀይረህ መድፍህን ይዘህ እንዳትመጣ።»

«ከዚያስ ትጠብቂኛለሽ?»

«ከዚያማ እጠብቅሃለሁ።»

አባትየው ሽርጡን አስረው ከባንኮኒው ኋላ ቆሙ። አንዲት የዘወትር ደንበኛ ገብታ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«አዲስ ተቀጣሪ ነዎት?»

«አይ፣ የሌሊቱ ነኝ» አሉ፤ በመስታወቱ አሻግረው ልጃቸው እጇን ለወጣቱ ስትሰጥ እያዩ። «ቀኑን ለልጆቹ ለቀንላቸው።»