የሦስት ቅጠሉ ጢስ

በጢስ ብቻ ጉሮሮው አብጦ የሚታነቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ካላየህ «ቅጠል ምን ያመጣል?» ብለህ አትሳቅ።

የክላማት ተራሮች እሳት አጥፊዎች አለቃ ከርቲስ ሄልደን ትናንት ከሰዓት በሬዲዮ ትእዛዝ ሰጠ፤ ለሄሊኮፕተር ማረፊያ የተመነጠረው ቁጥቋጦ ይቃጠል አለ። የክምሩ ግማሽ ሦስት ቅጠሉ የሚባለው ነበር። ይህ ተክል ዘይት አለው፤ ዘይቱ የነካው ቆዳ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ውሃ ይቋጥራል። ሲቃጠል ደግሞ ዘይቱ ከጢሱ ጋር ሳንባ ድረስ ይገባል። ይህን የማያውቅ አለቃ በዚያ አገር የለም። በሥሩ የምትሠራው እሳት አጥፊ ራሞና ቴሄዳም ታውቅ ነበር። ታውቅ ነበር፣ ግን «እሺ አለቃ» ብላ ለኮሰች። ነፋሱ ዞረና ጢሱ አብሯት በሚሠራው በእህቷ ባል በኢግናሲዮ ላይ ወረደ።

ዛሬ ጠዋት የኢግናሲዮ ዓይኖች በእብጠት ተደፍነው፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ይል ነበር። እነሱ ካሉበት ገደል ውስጥ ሬዲዮው የሚደርሰው ሄልደን ዘንድ ብቻ ነው። ራሞና ሄሊኮፕተር እንዲልክላቸው ጠየቀችው።

«ለማሳከክ ሄሊኮፕተር?» ሲል ሳቀ ሄልደን። «ውሃ አጠጪውና ይተኛ!»

«አልተኛም» አለ ኢግናሲዮ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ከተኛሁ አልነሳም።»

እስከ መኪና መንገዱ በእግር አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ሃያ ዓመት መጋዝ የያዘው ኦርቪል ፓይክ ሊደግፈው ተጠጋ። ቢጫ ሸሚዙ ከጥላሸት ብዛት ጠቁሯል፤ ከበጋው መግቢያ ጀምሮ አልታጠበም። በነሱ ዘንድ ንጹሕ ሸሚዝ የጀማሪ መለያ ነው፤ አንጋፋ በእድፉ ይኮራል።

«ያንን ሸሚዝ ሳታወልቅ እንዳትነካው!» ጮኸች ራሞና። «የበጋው ዘይት ሁሉ እሱ ላይ ነው!»

«ይቺ ሸሚዝ ካንቺ የበለጠ እሳት አይታለች፣ አንቺ ልጅ!»

«እሳቱን ተወውና ሳሙና አይታለች ወይ፣ ሽማግሌው?»

ፓይክ እያጉረመረመ አወለቀ። ክንዶቹ እስከ ክርናቸው ውሃ በቋጠረ ሽፍታ ተሸፍነዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ «እኔን አይነካኝም» ሲል የኖረ ሰው ነው።

ወረዱ። ፀሐይ አናታቸውን ጠበሰችው፤ ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር እየሸሸ ሁለት ጊዜ በቂጣቸው አንሸራተታቸው። ምንጩ ጋ ሲደርሱ አንዲት ድብ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር መሻገሪያው ላይ ቆማ አገኟት። ኢግናሲዮ መሮጥ ቀርቶ መቆምም አቅቶታል። ራሞና መጥረቢያዋን ከድንጋይ ጋር እያጋጨች፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ሰደበቻት። ስድቡ ለሄልደን የተጠራቀመ ነበር። ድቧ አፈገፈገች።

«እኔም ብሆን እሸሻለሁ» አለ ፓይክ።

ራሞና በቀዝቃዛው ውሃ እጇን በሳሙናና በጨርቅ ደጋግማ ፈተገች፤ ዘይት የነካ እጅ ያበጠን ፊት መንካት የለበትምና። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ነክራ የኢግናሲዮ ዓይን ላይ አኖረች።

«ልከከው…»

«ካከክኸው እጅህን አስራለሁ!»

ወደ ማታ ድልድዩ ጋ ደረሱ። የሄልደን መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል።

«ማን ፈቀደላችሁ?» አለ ሄልደን። «ጉዳት ሳይደርስ ስልሳ አንድ ቀን! በሰፈሩ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። አሁን አንቺ ልታስፍቂው? ይረፍ፣ ነገ ይሻለዋል።»

የኢግናሲዮ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ሰውየው የሚያስበው ግን ስለ ሰሌዳው ነው!

ራሞና «እሺ አለቃ» አላለችም። ከገደሉ ወጥታለችና ሬዲዮዋን ተራራው ሁሉ ወደሚሰማው መስመር አዞረች። «ድልድዩ ጋ ሰው እየታነቀ ነው! አምቡላንስ!» ሄልደን ሊነጥቃት እጁን ሲሰነዝር ፓይክ በቆሰለው ክንዱ ደረቱን ገፋው።

«ሞክራት እስቲ፣ ከርቲስ» አለ ፓይክ፣ ሃያ ዓመት የታዘዘለትን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ።

አምቡላንሱ በሩብ ሰዓት ደረሰ። ሐኪሟ ወዲያው መርፌ ወጋችው፣ ኦክስጅን አደረገችለት። ሌሊቱን በሆስፒታል አደረ፤ ዳነ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት መቶ እሳት አጥፊዎች ለዕለቱ ስምሪት ሰፈሩ ውስጥ ካለው የሳንቃ መድረክ ፊት ተሰበሰቡ። ሄልደን ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ «አንድ ባልደረባችን በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት ታሟል» ብሎ ጀመረ።

ራሞና ወደ መድረኩ ወጣች። ድምፅ ማጉያውን ከእጁ ወሰደች።

«እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ለኮስኩ። ለኢግናሲዮም ለእህቴም ተናግሬያለሁ፤ ለእናንተም እናገራለሁ። ቅጣቴን ስጡኝ።» ወደ ሄልደን ዞረች። «አሁን ተራው ያንተ ነው። ሦስት ቅጠሉ ይቃጠል ብለህ ያዘዝከው ለምንድን ነው? ሰው እየታነቀ መንገድ የዘጋኸውስ ለምንድን ነው? ቢሮህ ውስጥ አይደለም፣ በወረቀትም አይደለም፤ እዚሁ፣ በነዚህ ሰዎች ፊት መልስ!»