ሉላ ለሰፈር ልጆች የላከችው መልእክት

ትዳር ይዤ መቀሌ ከመጣሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የቀዳማይ ወያነ ሰፈር ጎረቤቶቼ ገና በመጣሁ በዓመቱ በማርያም ማኅበራቸው ተቀበሉኝ፤ ትግርኛው ሲጠፋብኝ ሳቅ እያሉ በአማርኛ ያግዙኛል። በየወሩ በሃያ አንድ፣ ተራ በደረሳት ሴት ቤት እንሰበሰባለን። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ሕምባሻው ከተቆረሰ በኋላ ወሬያችን አንድ ነው፤ የማን ልጅ ሳዑዲ ገባች፣ ለእናቷ ምን ላከች። ስዋ፣ የትግራዩን ጠላ፣ የሚቀዱልንን ሴቶች ልጆቻችንን ልብ ብለናቸው አናውቅም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት፣ ልጇ ሉላ ሳዑዲ ያለችው ማኅበርተኛችን ኣስካል የሚያብረቀርቅ የወርቅ ጉትቻ አድርጋ መጣች። “ሉላ ናት የላከችልኝ” አለች። ሁሉም እልል አለ። እኔም እልል አልኩ፤ ጉትቻው የራሷ የሠርግ ጉትቻ መሆኑን፣ ወርቅ ሠሪ ጋ ወስዳ ማስወልወሏን እያወቅሁ።

ከዚህ የባሰም አውቅ ነበር። የኣስካል ስልክ የድምፅ መልእክት ስለማይቀበል ሉላ የምትልከው በእኔ ስልክ ነው። ከማኅበሩ ሳምንት ቀደም ብሎ የመጣውን እኔ ቤት ተቀምጠን አብረን ሰምተነዋል።

“እማ፣ በር ይቆለፍብኛል። እጄን በፈላ ውሃ አቃጥለውኛል። ይህ ስልክ የሌላ ሰው ነው፤ ከእንግዲህ መደወል አልችልም። ለሰፈር ልጆች ንገሩልኝ፤ ማንም እንዳይመጣ።”

ኣስካል አለቀሰች አለቀሰችና እጄን ያዘች። “ዓለምእሸት፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ። ልጄን የሰው መሳቂያ አታድርጊብኝ።”

“ልጆቹ ቢሰሙ አይሻልም?”

“የሰውን ልጅ የወለደቻት እናቷ ትምከር” አለችኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ። ይሉኝታ ያልኩት ለማሳመር ነው፤ ፈሪ ነበርኩ።

በማኅበሩ ዕለት ስዋ ትቀዳ የነበረችው የማኅበርተኛችን የለተኪዳን ልጅ ዮሃና ናት። በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዓመታት ስለባከኑባት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀችን።

“ኣደይ ኣስካል፣ እንደ እናቴ ነዎት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሉላ ደህና ናት?”

ኣስካል ጉትቻዋን ነካ አደረገች። “ደህና ናት ጓለይ፣ ልጄ። አምሮባታል።”

ዮሃና ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ኅዳር ሲያልቅ ዮሃና ከደላላ ጋር በአፋር በኩል ወጣች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባሕሩ ዳር ደርሰናል ብላ ደወለች። ይኸው ሰባት ወር ድምፅዋ የለም።

በሰኔው ማኅበር ኣስካል ጉትቻዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሁሉንም ተናገረች፤ የእኔንም ዝምታ አልተወችም። የዮሃና እናት ለተኪዳን አልጮኸችባትም።

“ዮሃና የጥቅምቱ ማኅበር ማታ ነግራኛለች” አለች። “ኣደይ ኣስካልን ጠየቅኳቸው፣ ሉላ ደህና ናት አሉኝ አለችኝ። ወሬ መስሎኝ አለፍኩት።”

“ይቅር በዪኝ” አለቻት ኣስካል።

“ይቅር ብልሽስ? የምትመለስልኝ ከሆነ አሁኑኑ ልበልሽ።”

ተነስታ ወጣች። ጉትቻውን የነካው የለም።

እናቶች፣ ልጆቻችን የሚያድጉት በምክራችን ብቻ አይደለም። ለምን እልል እንደምንል፣ ምኑን እንደምንደብቅ እየሰሙ ነው የሚያድጉት። አንዷ ሴት የዋሸችውን ሌላዋ አይታ ዝም ስትል፣ ሰፈሩ በሙሉ ዋሸ ማለት ነው። እኔ ይህ የገባኝ የሰው ልጅ ከጠፋች በኋላ ነው።

የዚያኑ ዕለት ቤቴ ገብቼ ለልጄ ለናፍቆት የሉላን ድምፅ አሰማኋት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የክፍሏ ልጆችም ስለ ሳዑዲው መንገድ እንደሚያወሩ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ሰማችው።

“እማዬ፣ ይህ መቼ ነው የመጣው?”

ቀኑ ስልኩ ላይ አለ፤ አይታዋለች። “ዮሃና ከመሄዷ በፊት” አልኳት።

“ስንት ቀን?”

“ወር ከምናምን።”

ስልኩን መለሰችልኝ።

“አንቺ መሄዱን እንዳታስቢው፣ እሺ?” አልኳት።

“እሺ” አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።