የተውሶ ናሙና

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሁለተኛው ዙር ዳቦ ምድጃ ውስጥ እያለ፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ የነበርነው ጋጋሪው፣ አቡኪው፣ ዳቦ የምደረድረው እኔና ከሆስፒታል የመጣች አንዲት ነርስ ነን። አቡኪያችን የአምስት ልጆች አባት ስለሆነ አባ ሠራዊት እንለዋለን።

ነርሷ የመጣችው ለጥናት ነበር። “ሐኪሞቻችን ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት የሚቆሙ ወንዶች የመውለድ አቅማቸው ይቀንስ እንደሆነ እያጠኑ ነው” አለችን። “ፈቃደኛ የሆነ ነገ ሆስፒታል መጥቶ የዘር ፈሳሽ ናሙና ይሰጣል። ምስጢሩ ይጠበቃል፤ ችግር ከተገኘበትም ይታከማል።”

መሬት መሬቱን እያየን እሺ አልናት። እንደወጣች ግን ጋጋሪው፣ “ወንድ ልጅ በዚህ ይመረመራል እንዴ?” አለ።

“ምን ያስፈራሃል? አያምም እኮ” አለው አባ ሠራዊት።

“ላንተማ ምን አለብህ፤ ቤትህ ሙሉ ምስክር አለህ።”

ፍርሃቱ አይገርምም። ካገባ ዓመታት ቢያልፉም ልጅ የለውም። እናቱ በሄዱበት ሁሉ ምራታቸውን ያማሉ። ምርመራው ጣቱን ወደ እሱ ቢቀስርስ? ስለዚህ በእሱ ስም ናሙና እንዲሰጥለት አባ ሠራዊትን ለመነው።

“አይዞህ ወንድሜ፣ ከእኔ ለሁለት ይተርፋል” አለ አባ ሠራዊት እየሳቀ።

በማግስቱ የአንድ ሰው ናሙና በሁለት ብልቃጥ፣ በሁለት ስም ገባ።

ውጤቱ ሲመጣ ጋጋሪው ሙሉ ጤነኛ ተባለ። ለእናቱ አበሰራቸው። እናቱም “እንግዲህ መካኗ ማን እንደሆነች ታወቀ” እያሉ ለሰፈሩ አዳረሱት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሚስቱ ሻንጣዋን ይዛ ዳቦ ቤት መጣች።

“እኔ ተመርምሬ ምንም የለብሽም ተብዬ ነበር” አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “አንተ ጤነኛ ከሆንክ ግን የእኔን ሕመም ሳያገኙት ቀርተው ይሆናል። እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ሌላ አግባና ውለድ፤ አልቀየምህም።”

አባ ሠራዊት እጁን ከሊጡ ሳያወጣ፣ “ተናገር እንጂ፣ ሰውዬ” አለው።

“የኔ አይደለም” አለ ጋጋሪው።

“ምኑ?”

“የተመረመረው። የሱ ነው።”

ሚስቱ አንዴ ባሏን፣ አንዴ አባ ሠራዊትን አየች። ዳቦው ማረር ቢጀምርም ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

“ታዲያ ለእናትህ ያበሰርካቸው የአባ ሠራዊትን ጤና ነው?” አለችና ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ዕንባዋ እየወረደ ሳቀች። እኛም አልቻልንም፤ አብረናት ሳቅን። ከዚያ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ ተነሣች። “በል ሽርጥህን አውልቅ፤ አሁኑኑ እንሄዳለን።”

ሆስፒታል ሄደው እውነቱን ሲናገሩ፣ ነርሷ “በዚህ ውጤት ተመርተን እሳት ጋጋሪን አይጎዳም ብንል ኖሮ ስንቱን ሰው እናሳስት ነበር?” አለችው። የተውሶውን ውጤት ከጥናቱ አውጥታ እንደገና አስመረመረችው። በዘር ፍሬው ዙሪያ ያሉ ደም ሥሮች አብጠው ተገኙ። ሐኪሙ በቀላል ቀዶ ጥገና እንደሚስተካከል ነገረው፤ ልጅ ይመጣል ብሎ ግን ቃል አልገባለትም።

ጋጋሪው ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ እናቱ ሄደ። “እማዬ፣ ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው።”

“ታዲያ ለሰፈሩ ማን ይንገርልኝ?” አሉ እናቱ።

“አንቺው። ያወራሽበት ቤት ሁሉ ተመልሰሽ ግቢ።”

ገቡም። ምራታቸውን አስከትለው፣ በየበሩ ይቅርታ እየጠየቁ። አንዳንዱ ቤት ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ወንድሞቼ፣ ልጅ ሲዘገይ ሚስትን ብቻ መመርመር ግማሽ ምርመራ ነው። የወንድም አካል ይታመማል፤ ብዙ ጊዜም ይታከማል። ሐኪም ለጥናት ሲጠይቀን ፈቃደኛ ካልሆንን አንሰጥም ማለት መብታችን ነው። እሺ ካልን ግን የምንሰጠው የራሳችን ይሁን፤ በዚያ ውጤት ነገ የሚታከመው ሌላ ሰው ነውና።

ጋጋሪው ቀዶ ጥገናውን አደረገ። በቀጣዩ ዓመት ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች።