አንድ መስመር ብርሃን

ጌሙ ይተኩሳል፣ ይፈነዳል፣ ሙዚቃውን ያንቆረቁራል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ከተሰመረች አንዲት ነጭ መስመር በቀር ምንም አይታይም።

ሀዲጃ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ መስመሯን ታያለች። በመስመሯ ውስጥ ሰማያዊ ነገር ሽው ይላል፣ ቀይ ይከተለዋል፣ ሁለቱም ይጠፋሉ። ባሕሩ፣ ደሴቶቹ፣ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ሁሉ እዚያች ክር ውስጥ ታጥፈው የተቀመጡ መሰላት። አልጠፉም። የሚዘረጋቸው አጥተው ነው።

«ንቀይው በቃ» አለ አጎቷ ሸምሰዲን ከባንኮኒው ጀርባ። «እሑድ አናጢ ይመጣል። ሆዱን አራግፎ የዳቦ መደርደሪያ ያደርግልኛል።»

«ቢሠራስ?»

«ማን ይሠራዋል? ከአዲስ አበባ ሲመጣ ራሱ አሮጌ ነበር።»

ጊዜው 1996 ዓ.ም. ነው። ሀዲጃ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ባለው የአጎቷ ሻይ ቤት ታግዛለች። ቁም ሳጥን የሚያክለው ጌም ጥግ ይዞ ከቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ሌላ ጊዜ ወንዶቹ ይከቡታል፣ እሷን አያስጠጓትም። ዝናብ ሲጥልና ቤቱ ጭር ሲል ግን የእሷ ነበር። እጀታውን ይዛ ከባሕሩ በላይ ትበር ነበር፤ ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብ የዚያው ባሕር ድምፅ ይመስላት ነበር።

«እስከ እሑድ ታገሠኝ» አለችው።

ሸምሰዲን ሳቀ። «እስከ እሑድ የፈለግሽውን አድርጊ።»

የጋሽ ወልዱ ሬዲዮ መጠገኛ ከመናኸሪያው ማዶ ናት። በአንድ ወቅት ከወናጎም ከገደብም ዕቃ ተሸክሞ የሚመጣው ሰው ብዙ ነበር። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን የመጣውን ሁሉ «መለዋወጫው የለም» እያሉ ይመልሳሉ። ሀዲጃንም ሊመልሷት ነበር። ስለ መስመሯ ስትነግራቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«አግድም ናት? ድምፁስ አለ?»

«አለ። ውስጧም የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል።»

«እንግዲያው አልሞተም። አየሽ፣ ሥዕሉን የምትሥለው አንዲት የብርሃን ነጥብ ናት። ወደ ጎን እየሮጠች ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች። ይቺ መሮጡን ችላለች፤ መውረዱ ነው ያቃታት።» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ስለሚያውቁት ሰው እንደሚያወሩ ሆነ። «ነገ እመጣለሁ» አሉ።

በማግስቱ ሸምሰዲን ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት መስጊድ ሄዶ ሳለ ጌሙን ነቅለው የጀርባውን ጣውላ ከፈቱት። የምስሉ ቱቦ አቧራ ለብሶ ተኝቷል።

«እጅሽን ወደ ኋላ» አሉ ጋሽ ወልዱ። «ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ አቁሮ ይቆያል። እሱን ማፍሰስ የእኔ ሥራ ነው። አንቺ እንዳትነኪው።»

ሽቦ የታሰረበትን ረጅም ካቻቢቴ ወደ ቱቦው ሰደዱ። ጫፉ መስታወቱን መታው፤ ትክ፣ ትክ፣ ትክ። ሀዲጃ መጀመሪያ እየፈተሹ መሰላት። ከዚያ እጃቸውን አየች። ነፋስ እንደነካው ቅጠል ይንቀጠቀጣል። በሁለተኛው ሙከራ ካቻቢቴው ቦታውን አገኘና ቱቦው ጣ! አለ። ጋሽ ወልዱ ላባቸውን ጠረጉ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ማንም አያውቅም። ሚስቴም አታውቅም።»

ያኔ ገባት። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠፋው መለዋወጫ አልነበረም።

ቦርዱን ፈትታ ስታወጣው «የምትበይጂው አንቺ ነሽ» አሏት። «እኔ አፍ እሆንሻለሁ።»

ሁለት ቀን በጋሽ ወልዱ ሱቅ የሞተ ሬዲዮ ላይ ተለማመደች። ውጭ የዲላ ዝናብ ይወርዳል፤ ከሱቋ ጀርባ ያሉት የእንሰት ቅጠሎች ብርሃኑን አረንጓዴ ስላደረጉት ውኃ ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ። መበየጃውን አግላ ሊዱን፣ ሽቦ የሚያጣብቀውን ለስላሳ ብረት፣ ስትነካው እንደ ሰም ይቀልጣል፤ ግን ወደማትፈልግበት ይሄዳል። ጣቷን አቃጠለች።

«ሊዱን አታባርሪው» ይላሉ ጋሽ ወልዱ። «የሽቦዋን እግር አሙቂ፤ ራሱ ይመጣል።»

በሦስተኛው ቀን የጌሙን ቦርድ ገልብጠው በማጉያ መነጽር አሳዩዋት። ከአውሮፕላን የምትታይ ከተማ መሰላት፤ የብር መንገዶች፣ ጣሪያዎች፣ አደባባዮች። ከቱቦው የሚመጡት ሽቦዎች ከሚሰኩባት ቦታ ሥር በአራቱም እግሮች ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ አለ።

«ይኸው ነው ሕመሙ?»

«ይኸው ነው። አሁን አትተንፍሺ።»

ሀዲጃ አልተነፈሰችም። የመጀመሪያዋን እግር አሞቀች፣ ሊዱን አስጠጋች። ሊዱ አንዴ አመነታ፣ ከዚያ በእግሯ ዙሪያ ፈሶ አበራ። ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ። አራተኛዋ ላይ ስትደርስ ሰዓቱንም ዝናቡንም ረስታ ነበር።

ቅዳሜ ሻይ ቤቱ ሞላ። የታክሲ ረዳቶች፣ ሰፈርተኞች፣ የክፍል ጓደኛዋ ናፍቆትም መጥታለች። ቦርዱ ተመልሶ ገባ። ሸምሰዲን «ቢስሚላህ» ብሎ ሰካው።

ስክሪኑ ሞቅ እስኪል ጨለማ ነበር። ከዚያ ሥዕሉ ተዘረጋ፤ ግን ተገልብጦ። ባሕሩ ከላይ፣ ሰማዩ ከታች፣ አውሮፕላኗ በጀርባዋ ተንጋላ ትበራለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሀዲጃ ብቻ አልሳቀችም፤ እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር አይታ አታውቅም።

«የቱቦውን ሽቦዎች ሶኬት ገልብጠን ነው የሰካናት» አሉ ጋሽ ወልዱ በጆሮዋ። ነቅለው ጥቂት ቆዩ፤ ካቻቢቴውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቱቦውን ዳግመኛ አፈሰሱት። ሀዲጃ ሶኬቷን አዞረቻት። በድጋሚ ሲበራ ባሕሩ ወደ ታች ወርዶ ተኛ።

ጭብጨባው ጎዳናው ድረስ ተሰማ። ሸምሰዲን ጋሽ ወልዱን አቀፋቸው። «ማሻአላህ! እጅዎ ይባረክ! እኔ እኮ ሥራ አቁመዋል ብዬ ነበር! ልጅቷም ካቻቢቴ በማቀበል ደከመች።»

ጋሽ ወልዱ አፋቸውን ከፈቱ። ሀዲጃን አዩ። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ናፍቆት ክንዷን ይዛ ወደ ደጅ አወጣቻት። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የበየድሽው? ጣትሽ ተቃጥሎ አይቻለሁ እኮ!»

ሀዲጃ የተቃጠለ ጣቷን በሌላ እጇ ሸፈነች።

«ሼም ነው አቦ! ካቻቢቴ አቀባይ ሲሉሽ ዝም ትያለሽ? እኔ ልንገራቸው?»

«ተይ፣ ናፍቆት።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ መናገር አትችልም። «እኔ ነኝ የሠራሁት» ካለች ቀጥሎ «እሳቸውስ ለምን አልሠሩም?» ይባላል። የዚያ መልስ ደግሞ የእሷ አይደለም። ቤት ገብታ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ደስታዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይኮሰኩሳታል።

ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጋሽ ወልዱ ሄደች። የምትላቸውን መንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር፤ «አንድ ቃል ማለት ይችሉ ነበር» ልትላቸው ነው።

የሱቋ በር ገርበብ ብሏል። የጌሙ ወሬ ከተማውን ሳይዞር አልቀረም፤ ደጃፉ ላይ ሁለት ቴሌቪዥንና አምስት ሬዲዮ ተደርድረዋል። ጋሽ ወልዱ ማንንም አልመለሱም። በክፍተቱ ስታይ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ጠፍንገው ይዘው የአንድ ሬዲዮ ቦርድ ላይ አንዲት የሽቦ እግር ለመበየድ ይታገላሉ። የሊድ ጠብታ ሱሪያቸው ላይ ወደቀች። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ወደቀች።

ሀዲጃ ቆመች። መመለስ ትችል ነበር። ገባች።

«ቅዳሜ ከፍቶኛል፣ ጋሽ ወልዱ።»

ደነገጡ፤ ከዚያ መበየጃውን አስቀመጡ። «አውቃለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እጁ ሞተ ከተባልኩ ግን ማን በደጄ ያልፋል? ሠላሳ ዓመት ወልዱ ጠጋኙ ተብዬ...» አልጨረሱትም። «ካልሽ ዛሬውኑ ለአጎትሽ እነግረዋለሁ።»

ያዘጋጀችው ንግግር ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ጠፋባት። ስለ እጃቸው ራሷ አትናገርም፤ ይህን ወስናለች። ግን እዚህ ተደብቃም አትሠራም።

«በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልመጣ እችላለሁ» አለች ቀስ ብላ። «አንዱን ከጨረስን ሌላውን እንጀምራለን። በሩ ግን ክፍት ይሁን። ያለፈ ሰው ያየውን ይይ።»

ጋሽ ወልዱ ጉልበታቸው ላይ ያሉትን እጆቻቸውን አዩ። ውጭ የገደብ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ወጣ።

ሀዲጃ ደብተሮቿን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሄዳ በሩን ግድግዳው እስኪነካ ገፋችው። ስትመለስ ጋሽ ወልዱ ከሥራ ወንበራቸው ተነሥተው የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ወንበሩ ለእሷ ከፍ ይላል፤ ብትቀመጥ እግሯ መሬት አይነካም። ወጣችበትና የመጀመሪያውን ሬዲዮ ሳበች።