የወለላን ጎማ ማን አሰረው?

ነገ ሰኞ ነው። ነገ የትምህርት ቤቱን ደወል የምትደውለው ወለላ ናት!

ደወሉ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመቱት «ኳ! ኳ! ኳ!» ይላል፤ ልጆችም እየሮጡ ይሰለፋሉ።

ደዋይ ታዲያ ከሁሉም ቀድሞ መድረስ አለበት።

ወለላ የምትሄደው በዊልቸሯ ነው። ትልልቆቹ ጎማዎች ከኋላ፣ ትንንሾቹ ከፊት።

ትልልቆቹን በእጇ ስትገፋቸው፣ ውልብ! ማን ይደርስባታል?

ዛሬ ግን ገፋች። «ሲጥ! ሲጥ!» ቀጥ!

እንደገና ገፋች። «ሲጥ! ሲጥ!» ቀጥ!

«እማ! ዊልቸሬ እንቢ አለኝ!»

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። መቀሷን አስቀምጣ መጣች። «ቆይ፣ ዛሬም ዘይት ጠብ ላድርግበት» አለች።

የወጥ ዘይት አመጣች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ!

ወለላ ገፋች። «ሲጥ! ሲጥ!» ቀጥ!

«ትናንትም ዘይት፣ ዛሬም ዘይት! ዊልቸሬን ልትጠብሺው ነው እንዴ?» አለች ወለላ።

እናቷ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «በቃ፣ ነገ አዝዬ አደርስሻለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«ታዝሎ የሚደውል አለ? እኔ በራሴ ጎማ ነው የምሄደው!» የወለላ ዓይን እንባ አቀረረ።

እናቷ እንባዋን ጠረገችላት። ከዚያ ብድግ ብላ ወጣች።

ስትመለስ ሳይክል ጠጋኙን ጋሽ ይርጋን ይዛ መጣች።

«እስቲ፣ በሽተኛው የታለ?» አሉ ጋሽ ይርጋ፣ የመሣሪያ ሣጥናቸውን እየከፈቱ።

ወለላ ወርዳ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች።

ጋሽ ይርጋ የኋላውን ጎማ ነፉት። ፍስስ! ፍስስ! ገፉት። «ሲጥ! ሲጥ!» ቀጥ!

ብሎኑን አጠበቁት። ጥርቅ! ጥርቅ! ገፉት። «ሲጥ! ሲጥ!» ቀጥ!

ጋሽ ይርጋ ጭንቅላታቸውን አከኩ። «የሳይክል በሽታ አውቃለሁ። የዚህን ግን እንጃ!»

ወለላ ምንጣፉ ላይ ናት። ትንሹ የፊት ጎማ ፊት ለፊቷ ነው።

አንገቷን ዘንበል አደረገች። ዓይኗን ጠበብ አደረገች። ጎማው ሥር ቀይ ነገር አለ!

«ጋሽ ይርጋ! እዚህ ውስጥ ክር አለ!»

ጋሽ ይርጋ በርከክ ብለው አዩ። «አይ ዓይን! እኔ ቆሜ ከላይ ከላዩን ሳይ፣ እሷ ቁጭ ብላ አገኘችው!»

«ውይ!» እናቷ ጉንጯን ያዘች። «የኔ የስፌት ክር ነው! ጎማው ከወለሉ ላይ እየለቀመ ነው!»

«ዘይቱ ደግሞ ከአቧራ ጋር አቡክቶታል» አሉ ጋሽ ይርጋ። ዊልቸሩን ገልብጠው ትንሹን ጎማ ፈቱት። «ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አውጪው።»

«እማ፣ ወረንጦ!»

ወለላ በወረንጦው ያዘች። ጎተተች፣ ጎተተች፣ ምዝዝ! ቀይ ክር። «የእትዬ አስካለ ቀሚስ!» አለች እናቷ።

ጎተተች፣ ጎተተች፣ ምዝዝ! ሰማያዊ ክር። «የተማሪዎች ዩኒፎርም!»

ጎተተች፣ ጎተተች፣ ምዝዝ! ጥቁር፣ ረጅም ነገር። «ይኼስ የማን ነው?» አለች እናቷ።

«ይኼማ የራሴ ፀጉር ነው!» አለች ወለላ። ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ።

ወለላ ጎማውን በጨርቅ ወለወለች። ከጋሽ ይርጋ ሣጥን ግራሶ የሚባለውን ጥቁር ቅባት አውጥታ በጣቷ ቀባችው።

«ዘይት ለወጥ፣ ግራሶ ለጎማ» አሉ ጋሽ ይርጋ፣ ጎማውን መልሰው እያሰሩ። «በየቅዳሜው ሥሩን እያየሽ ክሩን አውጪ። እሺ?»

«እሺ!» ወለላ ዊልቸሯ ላይ ወጣች። ገፋች።

ሲጥ የለ። ቀጥ የለ። ውልብ! በሩ ጋ ደረሰች።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራዬን ልትቀሚኝ ነው!» አሉ ጋሽ ይርጋ።

ሰኞ ጠዋት ወለላ ከፊት፣ እናቷ ከኋላ። «ኧረ ቆይኝ!» ትላለች እናቷ እያለከለከች።

ግቢው ውስጥ ገና ማንም የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ወለላ ብረቱን አነሳች።

ኳ! ኳ! ኳ!

ልጆቹ ሮጠው ተሰለፉ። ቲቸር ትርሲት ጥፍር ልታይ መጣች።

«ወለላ! ጥፍርሽ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«ግራሶ ነው፣ ቲቸር። ታጠብኩት፣ አልለቅም አለ። ጎማዬን ጠግኜ ነው።»

«አንቺ ራስሽ?»

«እኔ ራሴ!»

ቲቸር ትርሲት የወለላን እጅ ይዛ ወደ ላይ አነሳችው። «ልጆች፣ ይህን እጅ እዩልኝ!»

ሁሉም አጨበጨቡ። ከአጥሩ ውጪም አንዲት እናት አጨበጨበች።

ማታ እናቷ ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ አመጣች። «ነይ፣ ጥፍርሽን ላጽዳልሽ።»

«ዛሬን ብቻ ይቆይ፣ እማ» አለች ወለላ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እየተከደነ።

እናቷ ሳሙናውን መለሰች። ጥቋቁሮቹን ጣቶች አንድ በአንድ ሳመቻቸው።

«እሺ፣ የኔ ባለሙያ» አለችና ብርድ ልብሱን አለበሰቻት።