ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያረፈው ዘንግ

ጋዊ ስቴንካምፕ ጠል ባዘለው ሣር ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከሚዛን ጣውላው የብረት እግር ሥር ነበር። በግራ እጁ አንጓ ላይ የቆዳ ማሰሪያ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል፤ በማሰሪያው ሌላ ጫፍ ደግሞ ፑላ የምትባለው ጥቁርና ነጭ ቡችላ አንገቷን ታስራ ፊቱን ትልሳለች።

መጀመሪያ ያየችው የፑላ ባለቤት ዲኔዎ ናት። ለቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ከሰፈሯ በታክሲ መጥታ የሜዳውን በር ስትከፍት ነው። ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ የወጣች ልጅ በባዶ ሆዷ እንዲህ ያለ ነገር ታይ? ጩኸቷን በዙሪያው ካሉት የቼሪ ፍሬ እርሻዎች ማዶ ያሉ ሰዎች ሁሉ ሰሙት።

ቦታው ከደቡብ አፍሪካዋ ፊክስበርግ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የውሾች ውድድር ክበብ ነው። ውሾች በሰዓት ተይዘው ዘንግ ይዘልሉበታል፣ በሸራ ዋሻ ይሽሎከሎኩበታል፣ በሚዛን ጣውላ ላይ ይሻገሩበታል። ሟቹ የክበቡ አሰልጣኝ ነበር።

የፖሊስ ካፒቴን ማሴቻባ ሌሆላ ስትደርስ ሦስት ሰዎች በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። አንዷ ዲኔዎ ናት፤ ከማሰሪያው የፈታቻትን ቡችላዋን ታቅፋ ቆማለች። ሌላው የሟቹ የወንድም ልጅ ሞርኔ ነው። ሦስተኛዋ ሄስተር ትባላለች፤ ፑላን ያስወለደች፣ በአካባቢው ስሙ የታወቀ የበግ ጠባቂ ውሻ ዘር ሠላሳ ዓመት ያራባች ሴት ናት።

«ይሄ ምርመራም አያስፈልገውም፣ ካፒቴን» አለች ሄስተር። «ቡችላዋ ጎተተችው፣ ወደቀ፣ ብረቱ መታው። ሰው የገደለ ውሻ ደግሞ አይቆይም። ሐኪሙን አነጋግሬዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት በመርፌ ያሳርፋታል። እርሻዬ ላይ ከእናቷ ጎን እቀብራታለሁ።»

«ሬሳው ሳይነሳ ቀብር አዘጋጁ? ያውም የውሻ?» አለች ካፒቴኗ።

«ልጅቷ ስትሳቀቅ እንዳትከርም ብዬ ነው እንጂ።»

ዲኔዎ ቡችላዋን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ ሄስተርን በአክብሮት «ታኒ»፣ እትዬ፣ እያለች ለመነች። «ታኒ ሄስተር፣ እባክሽ! ምንም አላደረገችም እኮ!»

ካፒቴን ማሴቻባ ጉልበቷን እያመማት ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሟቹ ቀኝ እግር በአንዱ መዝለያ ሁለት ቋሚዎች መካከል ተዘርግቷል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ አንድ ዘንግ ተጋድሟል። ቀና ብላ ዙሪያውን ቃኘች። የአምስቱም መዝለያዎች ዘንጎች ሣሩ ላይ ወርደዋል። በቋሚዎቹ ላይ ያሉት የዘንግ መያዣዎች ግን ትልቅ ውሻ በሚዘለው ከፍታ ላይ እንደነበሩ ናቸው።

ዲኔዎን ብቻዋን ወደ አግዳሚ ወንበሩ ወሰደቻትና ከቦርሳዋ አንድ ቬትኩክ፣ በዘይት የተጠበሰ የሊጥ ዳቦ፣ አውጥታ ሰጠቻት።

«ብይ መጀመሪያ።»

«አልችልም፣ ሜ» አለች፤ በሶቶ ቋንቋ «እናቴ» ማለቷ ነው።

«ግማሹን ብቻ። እንዲህ ሆነሽ ብትወድቂ ቡችላዋን ማን ይይዝልሻል?»

ልጅቷ በግድ ጎረሰች።

«ዘንጎቹ ለምን መሬት ላይ ሆኑ?»

«ለቡችላ እንደዚያ ነው፣ ሜ። አጥንቷ ሳይጠና ከዘለለች ዕድሜዋን ሙሉ ታነክሳለች። ኡም ጋዊ፣ አሰልጣኜ፣ ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላት መሬት ያለውን ብቻ ትራመድ ብሎኛል።»

«መያዣዎቹስ ለማን ነው ከፍ ያሉት?»

«ለሱ ውሻ። ጎህ ሲቀድ ያሮጠዋል። ያውና፣ ፒክአፑ ውስጥ።»

ካፒቴኗ ዞር አለች። ሽማግሌው ውሻ ጆሮውን ጥሎ በመስኮት ያያል፤ እግሮቹ እስከ ጉልበቱ በጠል ርሰዋል።

«እጁ ላይ የተጠመጠመው የአንገት ማሰሪያስ ያንቺ ነው?»

«ኧረ አይደለም! እዚህ ውሾቹ ማደሪያ የሚንጠለጠለው ነው፤ ማንም ያነሳዋል። እኔ አንገቷን አስሬያት አላውቅም፤ በደረት ማሰሪያ ነው የምይዛት። ተከራይቼ ያለሁበት ቤት ውሻ ስለማይፈቅዱ እንጂ እዚህም ባላሳደርኳት!»

«እሺ። እስቲ አሩጫት።»

ፑላ ሣሩ ላይ ፈነጠዘች። ካፒቴን ማሴቻባ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ተመለከተቻት። ቡችላዋ ስትሮጥ የኋላ እግሮቿን እንደ ጥንቸል ገጥማ ትዘላለች። ስትቀመጥም ወደ ጎን ዘመም ትላለች።

«ሁሌም እንዲህ ነው የምትሮጠው?»

«ኡም ጋዊም ትናንት ይህንኑ ጠየቀኝ። ከዚያ ዝም አለ። ‹ነገ ለሁሉም የምናገረው አለኝ፣ አንቺ ብቻ አትጨነቂ› አለኝ። እኔ ደግሞ አትጨነቂ ስባል ነው የምጨነቀው።» እንባዋ መጣ። «ሜ፣ እውነት ሰኞ ሊገድሏት ነው?»

«ሰኞ ገና ነው፣ ልጄ።»

ይህን ብላ ወደ በሩ አመራች።

ሞርኔ በሩ ላይ ተደግፎ ይጠብቅ ነበር።

«አጎትህ ከክበቡ አባሮሃል አሉ።»

«አባሮኛል! ውሻዬን በስምንት ወሯ ሙሉ ከፍታ አዘለልካት ብሎ። ዘንግ መሬት ላይ አስተኝቶ ሥልጠና አለ እንዴ? ዶሮ ነው የሚያለማምደው?»

«ውሻህ አሁን የት ናት?»

ሞርኔ ጫማውን አየ። «ቤት ናት። ታነክሳለች።»

«ጠዋትስ አንተ የት ነበርክ?»

«አልጋዬ ላይ። ምስክር ካስፈለገ ትራሴን ጠይቂ።»

ሄስተር ደግሞ በክበቡ ክፍል ውስጥ ሻይ ቀድታ ጠበቀቻት።

«ፑላ ጤነኛ ናት?» አለች ካፒቴኗ።

«የኔ ዘር? ሰው ከኬፕ ድረስ መጥቶ ነው የሚወስደው። አጥንታቸው ብረት ነው።»

«ስትሮጥ የኋላ እግሮቿን ትገጥማለች።»

የሄስተር ሲኒ ወደ አፏ ሳይደርስ ቆመ። «ቡችላ አይደለች? ስታድግ ይተዋታል።»

በዚያው ዕለት ከሰዓት ካፒቴን ማሴቻባ ቡችላዋን በመኪናዋ ጭና ወደ ሌላ ከተማ፣ ሄስተርን ወደማያውቅ የእንስሳት ሐኪም ወሰደቻት። ዲኔዎ አብራት ልትሄድ ለመነች፤ ወሰደቻት።

እሑድ ከሰዓት ሁሉም ሜዳው ላይ ተጠሩ። ዘንጎቹ በሙሉ ከፍታቸው ተሰቅለዋል። ሦስቱ በአንድ ወገን ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ በሌላው ወገን አንድ ሳጅን ፑላን ይዟታል። የደረት ማሰሪያዋ ላይ ረጅም ቀጭን ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ ዘንጉ ጋ ሳይደርስ እንደሚያልቅ ከካፒቴኗና ከሳጅኑ በቀር ማንም አያውቅም።

«አንድ ነገር ላሳያችሁ ነው» አለች ካፒቴን ማሴቻባ። ከዚያ ድንገት እጆቿን አጨብጭባ ጮኸች። «ፑላ! ነይ!»

ቡችላዋ ተስፈንጥራ ወደ ከፍተኛው ዘንግ በረረች።

ዲኔዎ «አይሆንም!» ብላ ሮጠችና ቡችላዋ ላይ ተወርውራ አቀፈቻት። ሞርኔ አፉን ከፍቶ ባለበት ቀረ። ሄስተር ግን ወደ ቡችላዋ አላየችም። በዚያ ዕድሜዋ እንደ ልጃገረድ ሮጣ ዘንጉን በመዳፏ ከመያዣው ገፋች፤ ሣሩ ላይም አስተኛችው።

ሄስተር ባዶ መያዣው ላይ እጇን እንዳሳረፈች ቀረች።

«ትናንትም ያደረጉት ይህንኑ ነው፣ ወይዘሮ ሄስተር» አለች ካፒቴኗ።

«ምን ማለት ነው?»

«ጋዊ ውሻውን ሲያሮጥ ዘንጎቹ ተሰቅለው ነበር። ለቡችላዋ ብሎ እሱ ራሱ አውርዷቸው ቢሆን፣ ሲወድቅ እግሩ ዘንጉ ላይ ያርፍ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ዘንጉን እግሩ ላይ ነው።»

«ሲወድቅ ነካክቶት ይሆናላ!» አለ ሞርኔ።

«አንዱን ይሁን። የቀሩትን አራቱንስ? ዘንጎቹ የወረዱት እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። ያወረዳቸው ሰው ቡችላዋን ወደ ሜዳው ሊያስገባ ሲል፣ እንዳትዘል ብሎ ነው፤ ስለዚህ ጋዊ ሲወድቅ ፑላ ማደሪያዋ ውስጥ ነበረች። የጎተተው ውሻ የለም፤ ማሰሪያውን እጁ ላይ የጠመጠመ ሰው ነው ያለው።»

ዲኔዎ ፊቷን ቡችላዋ ጸጉር ውስጥ ቀበረች።

«እኔ አይደለሁም!» አለ ሞርኔ።

«ለአንተ ዘንግ ማውረድ የምትስቅበት ነገር ነው፤ አሁንም ከወንበርህ አልተነሳህም። ዲኔዎ ቡችላዋን አንገቷን አስራት አታውቅም፤ በራሷ ውሻ ላይም ሞት አትጠራም። አደጋ ስታይ የሮጠችው ወደ ፑላ ነው። እርስዎ ወደ ዘንጉ ሮጡ። ሠላሳ ዓመት ቡችላ ያሳደገ ሰው እጅ እንደዚያ ነው።»

«ጋዊ ወዳጄ ነበር። ለምን ብዬ?»

«ፑላ እንደ ጥንቸል ስለምትሮጥ። ትናንት ሐኪም ራጅ አነሳት። የዳሌዋ አጥንት ጉድጓድ ከተፈጥሮዋ ጥልቀት የለውም፤ በዘር የሚመጣ ነው። ጋዊም ሩጫዋን አይቶ ገብቶታል። ሰኞ እርሻዎ ላይ ብትቀበር ኖሮ ያንን አጥንት ማንም አያየውም ነበር።»

ሄስተር ቀስ ብላ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«‹ማራባት አቁሚ፣ ከአንቺ ለገዙም ሁሉ ንገሪ› አለኝ። ስሜን በሙሉ ሊያጠፋው! ገፋሁት። ብቻ ገፋሁት፤ ብረቱን አላየሁትም።»

«ያንን አምናለሁ። ማሰሪያውን ሲጠመጥሙለት ግን ዓይንዎ ያይ ነበር።» ካፒቴኗ ሣሩ ላይ ወዳለው ዘንግ አመለከተች። «በመርፌ ሊያስገድሏት ያሰናዷትን ቡችላ፣ እግሯ እንዳይጎዳ ተጨነቁላት።»

«እጄ ነው» አለች ሄስተር፣ መዳፏን እንደ ሌላ ሰው መዳፍ እያየች። «እኔ አላዘዝኩትም።»

ሳጅኑ ወደ መኪናው ሲወስዳት በሩ ላይ ቆመችና ዞር አለች።

«ዲኔዎ፣ እንዳትወፍር። ከሳ አድርገሽ ያዣት። ደረጃ አታስወጫት፣ ሰማሽ?»

ዲኔዎ የቡችላዋን ዳሌ በመዳፏ ሸፈነች። ከዚያ «እሺ፣ ታኒ» አለች፤ ቡችላዋን ግን ከእቅፏ አላወረደችም። ፑላ አትወዳደርም፣ ሜዳሊያም አታመጣም፤ ነገ ሰኞ ሲነጋ ግን ትነቃለች።

መኪናው ከቼሪዎቹ ጀርባ ሲሰወር ሞርኔ ከወንበሩ ተነሳ። ማንም ሳያዝዘው በሜዳው ላይ ዞረ፤ የቀሩትን አራት ዘንጎች አንድ በአንድ አውርዶ ሣሩ ላይ አስተኛቸው።

«አሁን አውርጃት» አላት።