ከፊደሎቹ በስተጀርባ

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያቃተው አይመን። ለማሳመን ጉልበት የለኝም።

ሐሙስ ቀን ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ጠራራ ፀሐይ።

አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ውስጥ ቆሜያለሁ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ የሠርግ ካርዶችና የሱቅ ማስታወቂያዎች። የሚሠራውን ሰው ሰፈርተኛው "መነጽሬ" ይለዋል። ቀልደኛ ነው።

እኔ ግን ለቀልድ አልመጣሁም። ሚስቴ ጠፍታብኛለች።

አርጅታለች፤ መርሳት ጀምራለች። የልጆቿን ስም ትረሳለች። ቤቷን ትረሳለች። እኔን ግን "አንተ ሰውዬ" ማለት አልተወችም። ድሮም የምትጠራኝ እንደዚያ ነው። አስፋልት ስንሻገር የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች ጨብጣ ነበር የምትሄደው፤ ትንሿንና የቀለበቱን። እንደ ሕፃን።

ማክሰኞ ጠዋት ሳሙና ልገዛ ወጥቼ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ጫማዋ ደጃፉ ላይ ነው። እሷ የለችም።

በካልሲ ነው የወጣችው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ሆስፒታል ሄድኩ። ሬሳ ክፍል ሳይቀር ገብቼ አየሁ። ረቡዕ ሲዘንብ ዋለ፤ ሲዘንብ አደረ። የት ተጠልላ ይሆን እያልኩ ቁጭ ብዬ አነጋሁት።

ለመነጽሬ ያለችኝን አንድ ፎቶ ሰጠሁት። ግቢያችን ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊት ለፊት እያየች። ከኋላዋ አረንጓዴ የቆርቆሮ አጥር።

"ፊቷም ይተልቅ፣ ጽሑፉም ይተልቅ" አልኩት።

"አባባ፣ ሁለቱንም ካተለቅን ፖስተሩ ከግድግዳው ይበልጣል።"

"ከመኪና ላይ ያለ ሰው እንዲያየው እፈልጋለሁ።"

አሰበና ፎቶውን ፊደሉ ውስጥ እንደሚከተው ነገረኝ። "አፋልጉኝ" ብሎ በወፍራሙ ጻፈ። ፎቶዋን ከፊደሎቹ ጀርባ አስገባው። ወዲያው ነጩ ወረቀት ሁሉንም ሸፈነና በፊደሎቹ ቅርጽ ብቻ እሷ ታየች። እንደ መስኮት። ፊቷ መሃል ላይ፣ "ል" ውስጥ።

"የቀረው የፎቶው ክፍል የት ሄደ?" አልኩት።

"የትም አልሄደም አባባ። እዚያው አለ። አይታይም እንጂ።"

ለናሙና አንድ አተመ።

ወረቀቱን አየሁት። ፊቷ "ል" ውስጥ አልነበረም። "ጉ" ውስጥ ነው።

"ማውሱን ነክቼው ይሆናል" አለና መለሰው። ደግሞ አተመ።

አሁን "ኝ" ውስጥ ናት። ጎኗን ሰጥታ ቆማለች።

ፎቶው ላይ ግን ተቀምጣ ነበር...

ዕድሜዬን ሙሉ መጋዘን የጠበቅኩ ሰው ነኝ። ከዓይኔ የሚያመልጥ የለም። ከኋላዋ አረንጓዴው ቆርቆሮ የለም። ነጭ ሴራሚክ የተለጠፈበት ግድግዳ ነው። ውኃ ይንጠባጠብበታል።

"ፊደሉን አንሳው" አልኩት።

አነሳው። ሙሉው ፎቶ ወጣ። ወንበር፣ ቆርቆሮ፣ ጭን ላይ ያለ እጅ። ምንም አልተለወጠም።

"መልሰው።"

መለሰው። ነጭ ግድግዳ። የእሷ ጀርባ።

መነጽሬ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መልሶ አደረገ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

እኔ አልፈራሁም። እውነቴን ነው። ያለችበትን ቦታ እያየሁ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ትንሽ ሰፋ አድርጌ ባይ በር አያለሁ፣ መንገድ አያለሁ፣ አውቀዋለሁ፣ ሄጄ አመጣታለሁ። ሌላ ጽሑፍ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። ወፈር ያለ፣ ገጹን የሚሞላ።

"ምን ልጻፍ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ቤት ግቢ በላት።"

ጻፈ። በአዲሶቹ ፊደሎች ውስጥ ደረጃ ታየኝ። ወደ ታች የሚወርድ። በር የለውም፤ መስኮት የለውም። እሷ ደረጃው ሥር ቆማለች። ካልሲዋ ጥቁር ሆኗል።

ከዚያ ዞረች።

ስክሪኑ ላይ... ዓይኔ እያየ... ዞረች።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለም።

"የት ነሽ ብለህ ጻፍ" አልኩት። ጻፈው። ቀርባለች። ፊደሎቹን ሁሉ የሞላው ፊቷ ነው። አንዱ ውስጥ ዓይኗ፣ አንዱ ውስጥ ከንፈሯ። የመጨረሻው ውስጥ መዳፏ ተለጥፏል፤ መስታወት እንደሚገፋ ሰው።

እጄን አንስቼ ስክሪኑ ላይ፣ መዳፏ ላይ አኖርኩት።

መብራት ጠፋ።

ሲመለስ ሁሉም ነገር ልክ ነበር። "አፋልጉኝ" ይላል። ፊቷ "ል" ውስጥ ነው። ወንበሩ አለ፤ ቆርቆሮው አለ። እንደገና እንዲጽፍ ብለምነው፣ ብለምነው፣ ራሱን ነቀነቀ። የታዘዘውን ፖስተር አተመና በሁለት እጁ ሰጠኝ። ስወጣ በሩን ከኋላዬ ሲቆልፈው ሰማሁ።

ከመጨረሻዋ ልጄ ጋር እየዞርን ለጠፍን። የመብራት ምሰሶ ላይ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ፣ የገበያው አጥር ላይ። ስንለጥፍ ወረቀቶቹ ላይ ያለችው ሚስቴ ነበረች። አንድ በአንድ አይቻለሁ።

ዓርብ ጠዋት ፖስተሩ ላይ ቁጥሩ የተጻፈው የልጄ ስልክ ጠራ። ሴት ናት። አየናቸው አለች። ልጄ አፏን በእጇ ያዘች፤ እንባዋ ወረደ። እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"የት? እናቴን የት አያችኋት?"

"እናት? ኧረ ሽማግሌውን ነው። ፖስተሩ ላይ ያሉትን ሽማግሌ።"

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አጠገቧ ተቀምጫለሁ።

"አንዲት አሮጊት እጃቸውን ይዛ እየወሰደቻቸው ነው" አለች ሴትየዋ። "ጫማ የላትም፤ ካልሲ ብቻ። እሳቸው መሄድ የፈለጉ አይመስሉም። ና እንጂ አንተ ሰውዬ እያለች ትጎትታቸዋለች።"

ወደ ምሰሶው ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ።

"አፋልጉኝ" ይላል። "ል" ውስጥ ባዶ የፕላስቲክ ወንበር። "ጉ" ውስጥ የእኔ ቆብ። "ኝ" ውስጥ የእኔ ጀርባ... ደረጃ እየወረደ።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ አላረፈም። ሁሉም አየናቸው ይላል። አንዱ በገበያው በኩል፣ አንዱ በድልድዩ በኩል። የሚናገሩት ቦታ በየጊዜው ወደ ቤታችን እየቀረበ ነው። ልጄ በሩን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። አባዬ እባክህ አትውጣ ትለኛለች። ለእሷ ብዬ ተቀምጫለሁ።

ግን የምትመጣው ሚስቴ ናት። በካልሲ ናት።

ይህን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው። ቀኝ እጄ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ማንም አልያዘውም፤ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሦስቱን ጣቶች አንቀሳቅሳለሁ።

ሁለቱ ግን፣ ትንሿና የቀለበቱ፣ ገርጥተዋል። እርጥብ ናቸው። ተጨብጠው እንደተያዙ አብረው ተጣብቀው...

ወደ በሩ በኩል ተጎትተው ቆመዋል።